ጉድጓድ ያልገባ ቆጮ፤ ስለ ፈተና ዝግጅትና ስለ ጸሎት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 21 ቁጥር 31 ላይ ስለ ፈረስ ይናገራል። ቃሉ አጭር ነው፤ ሁለት ነገር ግን በአንድነት ይዟል። አንደኛው፥ ፈረሱ ከሰልፉ ቀን አስቀድሞ የሚዘጋጅ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ድሉ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑ ነው። ብዙዎቻችን ሁለተኛውን ወድደን አንደኛውን እንዘነጋለን። ፈረሱን ሳንቀልብና ሳንገራ፥ ኮርቻውንም ሳንጭን፥ በሰልፉ ቀን ማለዳ ቆመን ድል እንለምናለን።

ዛሬ ይህን ቃል ይዤ የምጽፍላችሁ ስለ ፈተና ነው። ይኸውም በወረቀትና በኮምፒዩተር ተማሪ ስለሚፈተነው ፈተና ነው። ቋንቋችን ይህን ፈተናና ነፍስ የምትፈተንበትን ፈተና በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ቀድሞ የቃል መመሳሰል ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሁለቱ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደሚፈትኑን በራሴ ላይ አይቻለሁ።

በአገራችን የሚማር ወጣት በየደረጃው ፈተና ይጠብቀዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው እንዲፈተኑ በተደረገ ጊዜ፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ጥቂት ከፍ የሚሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ተጀመረ። ለማለፍ ከመቶ 50 ማምጣት ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከተፈተኑት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ለመግባት የሚፈልግ ሁሉ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እንዲወስድ ሆነ። እኔም የአምስተኛ ዓመት የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ እንደመሆኔ፥ አስቀድሞ የመውጫውን፥ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ከዚያ በኋላ የመግቢያውን ፈተና ለመውሰድ በመዘጋጀት ላይ ነኝ። ልቀጥል ያሰብሁትም ስለ አፈርና ስለ ሕንፃ መሠረት በሚያጠናው ክፍል ነው።

ለመስቀል ወደ አረቅጥ በመጣሁ ጊዜ እናቴን፥ «እማ፥ ፈተናዬ ከባድ ነው፤ ስለት ተሳይልኝ» አልኋት። እርሷ በዚያን ሰዓት ከጓሮ ያወጣችውን ቆጮ ትጨምቅ ነበር። ቀና ሳትል፥ «ስለቱንስ እሳላለሁ ልጄ። ነገር ግን ጉድጓድ ያላስገባነውን ለመስቀል አናወጣም» አለችኝ።

እናንተ የአገሬ ልጆች ይህን ነገር ላስረዳችሁ አይገባም፤ ሌሎች አንባብያን ግን ይሰሙኝ። እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፤ በእኛ ደጋ ብርድ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። ችግኙ እያደገ በሄደ ቁጥር እየተነቀለ ሰፋ ወዳለ ስፍራ ይዛወራል። ሲደርስም ሴቶቹ ተሰብስበው ይፍቁታል። የተፋቀውም በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፥ ተሸፍኖና ድንጋይ ተጭኖት ይቦካል። ለመስቀል ክትፎ የሚቀርበው ቆጮ የመስቀል ዕለት የተሠራ አይደለም። ማንም በማያየው ስፍራ፥ ከመሬት በታች ሰንብቶ የወጣ ነው። የበዓሉ ዕለት የሚታየው መሶቡ ብቻ ነው።

እናቴ ይህን የተናገረችው የፈተና ዝግጅት ጊዜ እንደሚፈልግ ልታስታውሰኝ ነው። እኔን ግን ቃሏ በሌላ ስፍራ ወጋኝ። ምክንያቱም እርሷ የማታውቀው አንድ ነገር ነበረ። ባለፈው ዓመት ጉድጓድ ያልገባ ነገር ይዤ ከበዓሉ መሶብ ቀርቤ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአፈርን ጠባይ የሚያጠና፥ እኛ ተማሪዎች ሶይል ሜካኒክስ የምንለው ትምህርት አለ። በዚያን መንፈቅ ትምህርቱን በሚገባ አልተከታተልሁም። የማጠቃለያው ፈተና ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ ሰው ጥያቄው በእጄ ነው አለ። ገንዘብ አዋጣን፤ እኔም ድርሻዬን ከፈልሁ። ሌሊቱን በስልኬ ላይ መልሱን ሸመደድሁ። ሌላው ጊዜ እንደሚሰማው የተላከው ሐሰት ቢሆን ኖሮ ተታለልሁ ብዬ እጽፍላችሁ ነበር፤ ትምህርቱም ቀላል ይሆን ነበር። ነገር ግን አልተታለልሁም፤ ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹ መጡ። ውጤቱ ሲለጠፍም ከክፍሉ ጥሩ ካመጡት አንዱ ሆንሁ።

ያን ቀን ለእናቴ ስልክ ደወልሁላትና፥ «እግዚአብሔር ረዳኝ» አልኋት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከሰረቅሁት ይልቅ የከበደኝ ይህ ቃል ነው። ሰው የሰረቀውን ይደብቃል፤ እኔ ግን የሰረቅሁትን በእግዚአብሔር ስም ጠራሁት። እናቴ ለዚያ ትምህርት ተስላልኝ ኖሮ፥ ጧፍና ዕጣን ገዝታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዛ ሄደች። ለዕረፍት መጥቼ ስለነበረ እኔም ከኋላዋ ተከትዬ ሄድሁ። ካህኑ ተቀብለው ሲመርቋት የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልብስ ለብሼ «አሜን» አልሁ። በዚያው እሑድ ከሰዓት በኋላም ሕፃናቱን ስለ ዐሥርቱ ትእዛዛት አስተማርሁ። አንድ ሕፃን፥ «መስረቅ የሚባለው ገንዘብ ብቻ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። የመለስሁለትን አላስታውስም፤ ጥያቄው ግን አልተወኝም።

ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ። ለመውጫው ፈተና ከጓደኞቼ ጋር መለማመጃ ጥያቄዎች ማንበብ ስንጀምር፥ ወደ ሶይል ሜካኒክስ ደረስን። ሌሎቹ ይሠራሉ፤ እኔ አያለሁ። ስሙን አውቀዋለሁ፥ ምልክቱን አውቀዋለሁ፥ ለምን እንደሚሆን ግን አላውቅም። በውጤት መግለጫዬ ላይ ከፍ ብሎ የተጻፈው ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የማላውቀው ነበር። ልማርበት ያሰብሁትም የሁለተኛ ዲግሪ በዚሁ ላይ የሚመሠረት ነው። ያን ጊዜ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ።

አባቴ ሰምተውኝ ዝም አሉ። ከዚያም ጸሎትና ስግደት ሰጡኝ። ልነሣ ስል ግን፥ «ገና ነው፤ ተቀመጥ» አሉኝ። «ዘኬዎስን አስታውስ። ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ዘኬዎስ በእንባ ብቻ አላበቃም፤ ከሰው በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። አንተስ የወሰድኸውን እንዴት ትመልሳለህ?» አሉኝ። ማርክ እንዴት እንደሚመለስ አላውቅም አልኋቸው። እርሳቸውም፥ «ያልተማርኸውን ከሀ ጀምረህ ተማር። አውቀዋለሁ ብለህ ያስመሰልኸውን በእውነት እወቀው። ቀኖናህ ይህም ጭምር ነው» አሉኝ። ለመምህሬ ስለ መናገሩ በጠየቅኋቸው ጊዜ፥ «ከትምህርቱ ጀምር፤ ድፍረቱን እርሱ ያመጣልሃል» አሉ። ይህን በምጽፍበት ጊዜ ለመምህሬ ገና አልነገርሁም። ነገር ግን ቀኑ እየቀረበ እንደሆነ ይሰማኛል፤ እናንተም በጸሎት አስቡኝ። ለእናቴ ግን ነግሬያታለሁ። ብዙ አልተናገረችም። «ጧፉ እንኳ ነደደ፤ አንተ ግን አልነደድህም» አለችኝ።

ወደ ትምህርቱ እንደ ቀኖና በተመለስሁ ጊዜ ያገኘሁትን ጥቂት ላካፍላችሁ። አፈር የሚቆመው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ነው። ዝናብ ሲበዛ ውኃው በቅንጣቶቹ መካከል ሞልቶ ከጫናው ድርሻ ይወስዳል። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚጫኑበት ኃይል ስለሚቀንስ መያያዛቸው ይላላል፤ ተዳፋቱም የገዛ ክብደቱን መሸከም ያቅተዋል። ካርል ቴርዛጊ የተባለው መሐንዲስ ከመቶ ዓመት በፊት ያስተማረው ዋና ነገር ይህ ነው። እኔ በዚያ ሌሊት በስልክ የሸመደድሁት የዚህን ቀመር ነበር፤ የማላውቀው ትርጉሙን ነበር።

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራትቶ ከ200 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ሁላችሁ ሰምታችኋል። ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስበው ሳሉ ነው፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ። ያን መከራ አንድ መሐንዲስ ያስቀረው ነበር አልልም፤ እንዲህ ማለትም አይገባኝም። ነገር ግን እኛም የምንኖረው በተራራ ላይ ነው፤ መንገዶቻችን ገደል ለገደል የሚሄዱ ናቸው፤ ክረምታችን ረጅም ነው። ነገ አንድ ሰው መጥቶ፥ «ይህ ተዳፋት ቤት ይሠራበታል ወይስ አይሠራበትም?» ብሎ ቢጠይቀኝ፥ የሚመልስለት የተሰረቀው ማርኬ አይደለም። አፈሩ የውጤት መግለጫ አያነብም።

ደግሞም አባቶቻችን በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፥ በአዲስ አበባ በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ ካገኙት ላይ እያዋጡ መንገድ አሠርተዋል። ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደው መንገድም እንዲህ ባለ መዋጮ የተጀመረ ነው። እነርሱ ለመንገድ አዋጡ፤ እኔ ለተሰረቀ ጥያቄ አዋጣሁ። ሁለቱም መዋጮ ይባላል።

እንግዲህ ጸሎት ከፈተና ጋር ያለው ዝምድና ምንድን ነው? ስለት አይገባም አላልሁም። የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ከጥንት ጀምሮ ተስለዋል፤ ቁልቢም ብንሄድ በየደብሩም ብንሄድ ስለት የሚያስገቡ ምእመናንን እናያለን። ነገር ግን ስለት ጉቦ አይደለም። «ይህን ብታደርግልኝ ይህን እሰጥሃለሁ» ብለን ያላነበብነውን እንዲያሳልፈን እግዚአብሔርን ስንጠይቅ፥ ሳናውቀው ፈታኙን እንደሚደልል ሰው እየሆንን ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 እንደምናነበው፥ ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር በተባለ ጊዜ እምቢ ያለው አባቱ ሊያድነው ስለማይችል አልነበረም፤ እግዚአብሔርን መፈታተን ስለማይገባ ነው። ደረጃ እያለ መወርወር እምነት አይባልም። መጽሐፍ እያለ ሳያነቡ መፈተንም እንዲሁ ነው።

ስለ ቅዱስ ያሬድና ስለ ትሉ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ትሉ እየወደቀ እየተነሣ ዛፉን ሲወጣ አይቶ፥ ያሬድ ወደ መምህሩ ተመለሰ። በዚያ ታሪክ ውስጥ ትሉን ወደ ዛፉ ጫፍ ያነሣው መልአክ የለም፤ በራሱ እግር ወጣ። የእግዚአብሔር ቸርነት የታየው ያሬድ ያን እንዲያይ በማድረጉ ነው። ስለዚህ በጸሎታችን «ያለ ማንበብ አሳልፈኝ» ማለትን ትተን፥ «ለማንበብ ትዕግሥት ስጠኝ፤ ያነበብሁትን አስተውዬ እንዳኖረው እርዳኝ፤ ብወድቅም ከፊትህ አታርቀኝ» እንበል።

በአሁኑ ጊዜ የምዘጋጅበትን መንገድ ለጠየቁኝ ወንድሞች እነግራለሁ። የመግቢያው ፈተና ምሕንድስናን ብቻ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን በእንግሊዝኛ አንብቦ ማስተዋልን፥ የቁጥር ስሌትንና አመክንዮን ይመረምራል። ከባድ ከባድ ቀመር ስንፈታ የኖርን የምሕንድስና ተማሪዎች በመቶኛና በክፍልፋይ ስንሰናከል አይቻለሁ። የአንድ ዕቃ ዋጋ በ20 ከመቶ ጨምሮ፥ ከዚያ በ20 ከመቶ ቢቀንስ ስንት ይሆናል የሚል ጥያቄ መጣልኝ። ወደ ነበረበት ይመለሳል ብዬ ፈጥኜ መለስሁ። እውነቱ ግን 100 ብር የነበረው 120 ብር ይሆናል፤ ከ120 ብር ላይ 20 ከመቶ ሲቀነስም 96 ብር ይቀራል። ያን ቀን ከታናሽ እኅቴ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ተውሼ ከፊተኛው ገጽ ጀመርሁ። እርሷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ትሕትና በስብከት ብቻ የሚነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለስሌትም እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

በየቀኑ ማለዳ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በሰዓት አነባለሁ፤ ከዚያም ምን እንዳለ መጽሐፉን ዘግቼ እጽፋለሁ። ከምሳ በኋላ ስሌት እሠራለሁ። ማታ ሶይል ሜካኒክሱን ከጓደኞቼ ጋር አጠናለሁ፤ ያልገባኝንም «አልገባኝም» ማለትን እየተማርሁ ነው። የተሳሳትሁትን ጥያቄ በአንድ ደብተር እየጻፍሁ በሳምንቱ መጨረሻ እደግመዋለሁ። እሑድ ጠዋት መጽሐፍ አልገልጥም፤ ቅዳሴ አለና። የሕፃናቱንም ክፍል አልተውሁም። አንዳንዶቻችን ፈተና ሲደርስ አገልግሎትን ጨርሰን እንተዋለን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ «አገልግሎት አለብኝ» እያልን ከመጽሐፍ እንሸሻለን። ሁለተኛው መንፈሳዊ ስለሚመስል ከፊተኛው ይልቅ ያታልላል። የተቀበለውን መክሊት የቀበረውን አገልጋይ ጌታው የገሠጸው ጉድጓድ ስለ ቆፈረ ብቻ አልነበረም። የእርሱ ጉድጓድ ምንም የማያፈራ ጉድጓድ ነበር፤ የእናቴ ጉድጓድ ግን ለቤተ ሰቡ እንጀራ የሚሆነውን ያወጣል። ለየትኛው ጉድጓድ እንደምንደክም እንወቅ።

ፈተና ለቤተ ክርስቲያናችንም እንግዳ አይደለም። የድጓ ተማሪ ቁራሽ እየለመነ፥ ለምድ ለብሶ፥ ከመምህሩ እግር ሥር ለዓመታት ከተማረ በኋላ፥ መምህር ሊሆን ቢወድ በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቅድስት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረው ወደ ዙር አምባ ይወጣል። ብዙዎቹም ድጓውን በገዛ እጃቸው ጽፈው ነው የሚማሩት። በዚያ በመምህሩ ፊት የሚቆም ሰው በልቡ ያለውን ብቻ ይዞ ይቆማል። «ማስመስከር» የሚለውን ቃል አስተውሉ፤ ሰውየው በእርግጥ ስለ መማሩ ምስክር ይቆምለታል ማለት ነው። የእኔ ውጤት በሐሰት የቆመ ምስክር ነበር። ያስተማርኋቸው ትእዛዛትም ስለዚያ የሚሉት አላቸው።

ነቢዩ ዳንኤልንም እናስብ። በባቢሎን ሦስት ዓመት የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ተማረ። ትምህርቱ የአሕዛብ ነው ብሎ አልናቀውም። ከንጉሡ ማዕድ የመጣለትን መብል ግን እምቢ አለ። ጊዜው ሲደርስ ንጉሡ ራሱ መረመረውና ከባልንጀሮቹ ጋር ከሌሎቹ ዐሥር እጥፍ ብልጫ ያላቸው ሆነው ተገኙ። መጽሐፉ ዕውቀቱን የሰጣቸው እግዚአብሔር እንደሆነ በግልጥ ይናገራል፤ ሦስቱን ዓመት ግን አላሳጠረላቸውም። እኛም በየትምህርት ቤቱ ሳለን በስልካችን የሚመጣ የንጉሥ ማዕድ አለ። ጥሩ ይሸታል፤ ሌሎችም ሁሉ ይበሉታል። ትምህርቱን እንማር፤ ማዕዱን ግን እንለፈው።

የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የሆናችሁ ታናናሾቼ ሆይ፥ ይህን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው። ብትወድቁ እግዚአብሔር አልተዋችሁም፤ መውደቅ ኃጢአት አይደለም። የተሰረቀ ማለፍ ግን ከመውደቅ ይከፋል፤ የወደቀ ሰው ቢያንስ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ አላወቅሁም ነበር። ከእናንተ መካከል እንደ እኔ ያደረገ ቢኖር፥ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ፤ ከዚያም ያን መጽሐፍ ይክፈት። በሩ አልተዘጋም።

በመጪው ፈተና አልፍ እንደሆነ አላውቅም። ይህ ድሉ ነውና የእኔ አይደለም። ፈረሱ ግን የእኔ ድርሻ ነው፤ ዛሬ ማታ እቀልበዋለሁ። ውጤቱ ሲመጣም ምንም ቢሆን፥ ለእናቴ ደውዬ «እግዚአብሔር ረዳኝ» ማለት እንድችል እለምነዋለሁ፤ ይህን ጊዜ እውነት ሆኖ።

የትዕግሥት አምላክ እኛንም የሚያጠኑትን ሁሉ ያስተውለን፤ ያነበብነውን በልባችን ያኑርልን፤ ባወቅነውም ወገናችንን የምንጠቅም ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።